ሁሉን የሚያሳየው ላስቲክ

ይህን ታሪክ የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ጥፋተኛ ይቆጠር ቢባል እኔም ከተቆጣሪዎቹ አንዱ ነኝ። የምጽፈው ዐውቆ ዝም ማለት ጥፋት የማይመስላቸው ብዙ ሰዎች ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየወፍጮ ቤቱና በየሱቁ ስላሉ ነው። እኔም እንደ እነርሱ ነበርሁ።

ስሜ አስማማው ነው። በ1976 ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ አንድ አነስተኛ የምግብ ማዘጋጃ በጸሐፊነት እሠራ ነበር። ደብዳቤ እተይባለሁ፣ ፋይል እይዛለሁ፣ ስብሰባ ሲኖር ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ። ማዘጋጃው የሚያመርተው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ምግብ ለሚለማመዱ ሕፃናት የሚሆን የገንፎ ምጥን። ሽምብራው ከቆላ ድባ ገበያ በመኪና ይመጣል። ገብሱና ዳጉሳው ከአካባቢው ገበሬ ይሰበሰባል። ሴቶቹ ይለቅሙታል፣ ይቆሉታል፣ ከተፈጨ በኋላ ይነፉታል፤ ከዚያ በግማሽ ግማሽ ኪሎ እየተመዘነ በካኪ ወረቀት ከረጢት ይታሸጋል። እናቶች ይወዱት ነበር። ቶሎ ይበስላል፣ ሕፃን አይተፋውም።

የማሸጊያ ክፍሉን የምትመራው እናትዓለም ነበረች። ዕድሜዋ ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በሥራዋ እንከን የማይገኝባት ሴት ናት። ጠዋት ከሁሉ በፊት ትገባለች፤ ሲመሽ የመጋዘኑን ቁልፍ ለዘበኛው ሰጥታ ትወጣለች። ሰላም ሲሏት ሰላም ትላለች። ሰው ሲስቅ አትስቅም፣ ሲቆጧት አትቆጣም። የታዘዘችውን ሁሉ «እሺ» ብላ ትሠራለች።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። እናትና አባቷ ቀድመው ስለሞቱ ታናሽ ወንድሟን አምሐን ያሳደገችው እሷ ናት። ለትዳር የጠየቋትን ሁሉ «መጀመሪያ አምሐ ትምህርቱን ይጨርስ» እያለች መልሳለች። በ1970 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ፣ አምሐን ከቤት ወሰዱት። በአምስተኛው ቀን ሬሳው ከሌሎች ጋር መንገድ ዳር ታየ። ማንሣት ክልክል ነው ተባለች። አንድ የቀበሌ ጥበቃ ደጃፏ ላይ ቆሞ «ከዚህ ቤት ለቅሶ እንዳይሰማ» አላት። አልተሰማም። በማግስቱ ሥራ ገባች፤ ሙጫ በጥብጣ ከረጢት ስትለጥፍ ዋለች። ሁላችንም ዐውቀናል። ግን አንዳችንም «እግዜር ያጽናሽ» አላልናትም። በዚያን ጊዜ ማጽናናትም ያስጠይቅ ነበር። እሷ እየሠራች፣ እኛም በአጠገቧ እያለፍን ስድስት ዓመት ሄደ።

በሰኔ 1976 ዓ.ም. ከበላይ አንድ ደብዳቤ መጣልን። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በመስከረም ስለሚከበር፣ ማዘጋጃው ምርቱን በኤግዚቢሽን እንዲያሳይ፣ ማሸጊያውንም ለዐይን የሚማርክ እንዲያደርግ ያዛል። ከደብዳቤው ጋር ሁለት ዓይነት የላስቲክ ናሙና ተልኳል። አንደኛው ሴሎፎን የሚሉት ነው። እንደ መስተዋት የጠራ፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ፣ ከረሜላ እንደሚጠቀለልበት ያለ። ዱቄቱ ሲገባበት ቀለሙ ወለል ብሎ ይታያል። የሚዘጋውም በሙጫ ነው። ሁለተኛው ወፈር ያለ፣ ደብዛዛ፣ ሲስቡት የሚለጠጥ ላስቲክ ነው። በውስጡ ያለውን ነገር በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ያህል ነው የሚያዩት። እሱን ለመዝጋት በኤሌክትሪክ የሚግል ብረት ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ገና ከአዲስ አበባ መምጣት ነበረበት።

ሥራ አስኪያጃችን ጓድ አምባቸው ናሙናዎቹን ለእናትዓለም ሰጣት።

«ሞክሪያቸውና በስብሰባው ትነግሪናለሽ» አላት።

«እሺ» አለች።

ሐምሌ ገብቶ ሰማዩ አልከፈት ባለበት ሰሞን፣ ወረቀት ልወስድ መጋዘን ስገባ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች በመስኮቱ ብረት ላይ ታስረው አየሁ። አንዱ ከጥርት ያለው ላስቲክ፣ ሌላው ከደብዛዛው የተሠሩ ናቸው። እናትዓለም ከታች ቆማ ታያቸዋለች።

«ምን ጨምረሽባቸው ነው?» አልኋት።

«ጨው ነው። ከሰቀልኋቸው ስምንት ቀናቸው።»

አውርዳ ከፈተቻቸው። በደብዛዛው ውስጥ ያለው ጨው ደረቅ ነበር፤ በጣቷ ስትበትነው ተበተነ። በጥርቱ ውስጥ ያለው ረጥቦ አንድ ላይ ተጣብቋል።

«ቀዳዳ ይኖረው ይሆን?» አልሁ።

«የለውም። ብርሃን ላይ ይዤ አይቼዋለሁ። የአየሩ እርጥበት በራሱ በላስቲኩ ውስጥ አልፎ ነው የገባው።»

ይህን ስንነጋገር የእህል መቁያ ክፍሏ እትዬ ወለተ ኪዳን ወንፊት ሊወስዱ ገቡ። እትዬ ወለተ ኪዳን የዘጌ ቄስ ልጅ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ነው ከተማ ገብተው ሥራ የያዙት። የረጠበውን ጨው በሁለት ጣታቸው አንሥተው አዩት።

«የተቆላ እህል እኮ ውኃ የተጠማ ነው» አሉ። «ከአየርም ቢሆን ይጠጣል። ሐይቅ ዳር ስናድግ እናቶቻችን በክረምት በሶ አስቀምጠው አያሳድሩም ነበር። ይህ ላስቲክ ያሳያል እንጂ አይጠብቅም፤ ንገሪያቸው ልጄ።»

«እሺ» አለች እናትዓለም። ሁለቱን ከረጢቶች አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተቻቸው።

ስብሰባው በሐምሌ መጨረሻ ላይ ተደረገ። የክፍል ኃላፊዎችና እኔ ነበርን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ጓድ አምባቸው ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር የሚናገረው። በጥርቱ ላስቲክ የታሸገ ምጥን አንሥቶ ወደ መስኮቱ አቀረበው።

«ይህን ተመልከቱ። ሕዝቡ የሚገዛውን እያየ ይገዛል። ድሮ ነጋዴው በወረቀት ጠቅልሎ የፈለገውን ያቀብለው ነበር። እኛ ግን የምንሸሽገው ነገር የለንም። እንግዶች መጥተው ሲያዩት ስለ ራሱ የሚናገር ማሸጊያ ይሄ ነው።»

የግዢ ኃላፊው «ደብዛዛው ጠንከር ያለ ይመስላል» አለ።

«ደብዛዛውን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? የመዝጊያው ብረት እስኪመጣም በዓሉ ያልፋል። ደግሞ ዱቄት ነው፤ ሥጋ አይደለም። ምን ይሆናል?» ከዚያ ወደ እናትዓለም ዞረ። «ጓድ እናትዓለም፣ የሞከርሻቸው አንቺ ነሽ። የማሸጊያ ክፍል ምን ይላል?»

ብዕሬን ይዤ ጠበቅሁ። ስለ ጨው የምትናገር መስሎኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያሉ እጆቿን አየች።

«ሁለቱም ደህና ናቸው» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት። አላየችኝም። እኔም ጨዉን በዐይኔ አይቻለሁ፤ እትዬ ወለተ ኪዳን ያሉትንም ሰምቻለሁ። ነገር ግን የእኔ ሥራ መጻፍ እንጂ መናገር አይደለም ብዬ አሰብሁ። «ጥርት ያለው ላስቲክ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ብዬ ጻፍሁ። ብዕሬ አንድም ጊዜ አልቆመም።

ከስብሰባው ስንወጣ እትዬ ወለተ ኪዳን በረንዳው ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

«ነገርሻቸው?»

«ጠይቀውኝ ነበር።»

«እና ምን አልሽ?»

«ደህና ነው አልሁ።»

አሮጊቷ ወደ እሷ ጠጋ አሉ። «ለምን ልጄ?»

«እንጃ» አለች እናትዓለም፤ ወደ መጋዘኗም ሄደች። እውነቷን ነበር። የፈራች አትመስልም ነበር። ጓድ አምባቸውም እንዲህ ሆነ ብሎ የሚያስር ሰው አልነበረም። አንዳንድ ሰው በፍርሃት ዝም ይላል፣ አንዳንዱ ለጥቅሙ። እሷ ግን ዝም ያለችው የሚሆነውም የማይሆነውም ነገር አንድ ሆኖባት ነው።

ነሐሴን ሙሉ በሴሎፎን ስናሽግ ሰነበትን። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. በኤግዚቢሽኑ ላይ የእኛ ምጥን እንደ ግንብ ተደርድሮ ታየ። ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። ባለሥልጣኖች መጥተው አነሡት፣ ገለበጡት፣ አመሰገኑ። ጓድ አምባቸው ደስታውን መደበቅ አቅቶት እጁን ሲያፍተለትል አስታውሳለሁ። ከበዓሉ በኋላ የታየውም፣ በመጋዘን የነበረውም ለየቀበሌውና ለየገጠሩ ሱቅ ተከፋፈለ። የተወሰነው በጀልባ ወደ ዘጌ ሄደ።

ኅዳር ላይ አንዲት ሴት ወደ ማዘጋጃው መጣች። ከሃያ ሁለት ከሃያ ሦስት ዓመት አትበልጥም። ፀጉሯ ለሐዘን ተቆርጧል። ዘበኛው ወደ እኔ ላካት።

«ይህን የሚሠሩት እዚህ ናቸው?» አለችኝና ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ግማሽ የቀረ የምጥን ከረጢት አወጣች። ስሟ የብርጓል እንደሆነ፣ ከዘጌ በጠዋቱ ጀልባ እንደመጣች ነገረችኝ። ምን እንደምላት ስላላወቅሁ ወደ እናትዓለም ወሰድኋት።

እናትዓለም ከረጢቱን ተቀብላ ብርሃን ላይ ያዘችው። ዱቄቱ ጥግ ጥጉ ላይ ጓጉሏል። በጉጉሉ ላይ ጥቁርና አረንጓዴ ነጥቦች ይታያሉ። አፉ ሳይፈታ እንኳ የሻገተ ቤት ሽታ ይሸታል።

«ዳጉሳ መስሎኝ ነበር» አለች የብርጓል። «እነዚህ ጥቁር ጥቁሮች። በደንብ ይታያሉ። አይቼ ነው የገዛሁት።»

«ልጅ አለሽ?» አለች እናትዓለም።

«ነበረችኝ። እሌኒ ትባላለች፤ አሥራ አንድ ወሯ ነበር። ሦስት ቀን አስቀመጣት፣ አስመለሳት። በአራተኛው ቀን ወደዚህ ሐኪም ቤት ላመጣት ጀልባ ስጠብቅ እጄ ላይ አረፈች።» ይህን ስትል ድምፅዋ አልተለወጠም። ብዙ ጊዜ ተናግራው ያለቀባት ይመስል ነበር። «የመጣሁት ለጠብ አይደለም። አንድ ነገር ልጠይቅ ነው። ባለቤቴና አማቴ በደንብ ሳታበስይላት ነው ይሉኛል። እኔ አብስዬዋለሁ። ግን እነሱ እንዲያ ሲሉ እኔም ተጠራጠርሁ። እናንተ ሠሪዎቹ ታውቁ እንደሆነ ብዬ ነው። አለማብሰሌ ነው?»

እናትዓለም ከረጢቱን እንደያዘች ቆመች። ፊቷ እንደ ወትሮው ነበር።

«ይህን ለእኛ ተዪው» አለች። «ጥቂት ቀን ስጪን።»

የብርጓል የከሰዓቱ ጀልባ እንዳያመልጣት ቶሎ ሄደች። ለጥያቄዋ መልስ ሳታገኝ ነው የሄደችው።

ከረጢቱ ለአንድ የጤና ባለሙያ ተላከ። ዱቄቱ እንደሻገተ፣ ለሕፃን ቀርቶ ለአዋቂም እንደማይሆን ጻፈ። ሕፃኗን የገደላት ይኸው ዱቄት ነው ለማለት ግን እንደማይችል፣ በዚያ ዕድሜ ተቅማጥ በብዙ ምክንያት እንደሚመጣ ጨመረ። እኛም መጋዘን የቀረውን ስንከፍት ከሦስቱ አንዱ ተበላሽቶ አገኘነው። ላስቲኩ ሁሉንም ያሳይ ነበር። በየቀኑ በፊቱ የምናልፍ ሰዎች ግን አንዳችንም ቆም ብለን አላየነውም።

ጓድ አምባቸው በማግስቱ ሰበሰበን። ፊቱ ጠቁሯል፤ ሌሊቱን ያልተኛ ይመስላል።

«ስሙኝ» አለ። «የሕፃኗ ነገር ያሳዝናል። ግን ባለሙያው ዱቄቱ ነው አላለም። ይህ ነገር ወደ ላይ ከሄደ አሻጥር ነው ይሉታል። አሻጥር ሲባል ምን እንደሚከተል ታውቃላችሁ። እዚህ የሚሠሩ ሴቶች አርባ ናቸው፤ ቢዘጋብን ምን ይበላሉ? ስለዚህ ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፤ ምርቱ ሲወጣ ደህና እንደነበረና ብልሽቱ የደረሰው በተጠቃሚዎች የአያያዝና የአበሳሰል ጉድለት እንደሆነ ተረጋግጧል።» ወደ እኔ ዞረ። «ጻፍ አስማማው።»

የተናገረው ሁሉ ውሸት አልነበረም። የአርባውም ሴቶች እንጀራ እውነት ነው፤ ፍርሃቱም እውነት ነው። ከሁሉ የከፋው ነገር ውሸት ከእውነት ጋር አብሮ ሲታሸግ እንዲህ ለመዋጥ የሚቀል መሆኑ ነው። ብዕሬን ወረቀቱ ላይ አኖርሁ። «ምርቱ ሲወጣ» ብዬ ጀመርሁ።

«አይደለም» አለች እናትዓለም።

ሁላችንም ዞርን። በስብሰባ ላይ ሳትጠየቅ ተናግራ አታውቅም።

«ምኑ ነው ያልሆነው?» አለ ጓድ አምባቸው።

«አበሳሰል አይደለም። እኔ ዐውቅ ነበር።» የምትናገረው ሰላም እንደምትል ያህል ቀስ ብላ ነው። «በሐምሌ በጨው ሞክሬዋለሁ። ጥርቱ እርጥበት ያስገባል፤ ደብዛዛው አያስገባም። ስትጠይቀኝ ሁለቱም ደህና ናቸው አልሁህ።»

«ለምን?»

የምትመልስ አልመሰለኝም ነበር።

«ወንድሜ አምሐ ከሞተ ወዲህ የሚመጣው ሁሉ ይምጣ እል ነበር» አለች። «የሚመጣው ወደ እኔ ብቻ መስሎኝ ነው። ወደ ሌላ ሰው ልጅ ሄደ።»

የአምሐ ስም በዚያ ግቢ ሲጠራ ወደ ሰባት ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ የመጀመሪያው ነበር። አንገታችንን ደፋን። እሷ ቀጠለች።

«ያቺ ልጅ አብስዬዋለሁ ብላለች። ይህ ወረቀት ግን አላበሰልሽም ይላታል። እኔ አልፈርምበትም።»

ያን ጊዜ እኔም ብዕሬን አስቀመጥሁ። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ እጄ አልሄድ ስላለኝ ነው።

«ጨዉን እኔም አይቼዋለሁ» አልሁ። «እንዳላየሁ ሆኜ ነው የጻፍሁት።»

ጓድ አምባቸው ግንባሩን በመዳፉ ይዞ ቆየ። ውጭ የሴቶቹ ወንፊት ሲመታ ይሰማል። በመጨረሻ፣ ወደ ማናችንም ሳያይ «እንዳለችው ጻፈው» አለ። «የእኔንም ስም ጨምር። የመረጥሁት እኔ ነኝ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ እናትዓለም፣ እትዬ ወለተ ኪዳንና እኔ ወደ ዘጌ ተሻገርን። ሐይቁ የተኛ ነበር። ከጀልባው ወርደን በዛፎቹ ሥር ባለው የእግር መንገድ እትዬ ወለተ ኪዳን እየመሩን ከየብርጓል ቤት ደረስን። ባሏ አበራ ከበር ላይ የእንጨት እጀታ ይጠርባል፤ አማቷ ከውስጥ ተቀምጠዋል። የብርጓል ከጓሮ መጣች። ስታየን መቀመጫ አቀረበች።

እናትዓለም አልተቀመጠችም።

«ጥያቄ ጠይቀሽኝ ሳልመልስልሽ ሄድሽ» አለቻት። ከዚያ ወደ አበራና ወደ አማቷ ዞራ ተናገረች። «ያበሰለችው በደንብ ነው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ምጥኑ የተበላሸው እኛው ባሸግንበት ላስቲክ ነው። ላስቲኩ እንደማይሆን ዐውቄ ዝም ያልሁት እኔ ነኝ። ይህን በእናንተው ፊት ልነግራት ነው የመጣሁት።»

አበራ መጥረቢያውን መሬት ላይ አኖረ። አማቷ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ፤ ወደ ምራታቸው ለማየት ዐይናቸውን አንሥተው መልሰው ጣሉት። የብርጓል ምሰሶውን ተደግፋ ቆማለች። ትራገም ይሆናል፣ ትጮህ ይሆናል ብዬ ነበር። የጠየቀችው ሌላ ነገር ነው።

«ሌላ ስንት ቤት ገብቷል?»

«ወደ ዘጌ የመጣው ወደ ሁለት መቶ ከረጢት ነው» አልኋት እኔ። «በሌላም ቦታ አለ።»

«ታዲያ እዚህ ቆማችሁ ምን ትሠራላችሁ?» አለች።

ይቅርታ መጠየቅ የመንገዱ መጨረሻ መስሎን ነበር የመጣነው። የብርጓል ነጠላዋን ከገመዱ ላይ አንሥታ ለበሰች። «ማን ማን እንደገዛ እኔ ዐውቃለሁ» ብላ ቀድማን ወጣች። ጥቂት እንደሄድን አማቷ ከኋላ ተነሥተው ተከተሉን። በየቤቱ እየገባን ከረጢት ስንጠይቅ፣ ሴቶቹ «ምን ሆኖ ነው? ሲያዩት ደህና ነው» ባሉ ቁጥር የሚያስረዱት እሳቸው ሆኑ። «ምራቴ አብስላዋለች» ይሉ ነበር በየቤቱ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው። «በደንብ አብስላዋለች፤ ዱቄቱ ነው።» የብርጓል ይህን ስትሰማ ወደ ኋላ አልዞረችም፤ እርምጃዋ ግን ዝግ አለ።

በዚያ ቀንና በተከታዩ ሳምንት ከዘጌ ብቻ ከመቶ በላይ ከረጢት ሰበሰብን። ሁለት ሕፃናት ታመው አገኘን፤ በጀልባ ወደ ሐኪም ቤት ተወስደው ዳኑ። የሌላው አካባቢ ጉዳይ በየቀበሌው በማስታወቂያ ተነገረ። ያልተገኘ ከረጢትም ብዙ ነው። እሱ የት እንደገባ፣ ማን እንደበላው እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህን ስጽፍ የሚከብደኝም እሱ ነው።

የፈራነው ያህል አልደረሰብንም፤ ምንም ሳይደርስብንም አልቀረም። ጓድ አምባቸው ከሥራ አስኪያጅነቱ ተነሥቶ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። እናትዓለም ከኃላፊነት ወርዳ ተራ አሻጊ ሆነች። ማዘጋጃው አልተዘጋም። የሚግለው ብረት መጣ፤ ምጥኑም በደብዛዛው ላስቲክ መታሸግ፣ የታሸገበትም ቀን በላዩ መጻፍ ጀመረ። እንደ ድሮው አያብለጨልጭም፤ እናቶች ግን ገዙት።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ የሚያሳይ ላስቲክ ሁሉ መጥፎ ነው አላልሁም። ለልብስም፣ ለዕቃም፣ እርጥበት ለማይፈራ ነገር ሁሉ ይሆናል። ለሰው አፍ የሚገባ ነገር የምታዘጋጁ ግን መያዣ ስትመርጡ አስቀድማችሁ ምን ይጠብቃል በሉ፤ ምን ያሳያል የሚለው ኋላ ይምጣ። የምትገዙም ስላያችሁት ብቻ አትመኑት፤ አሽትቱት፣ ጉጉል እንዳለው ዳብሱት። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የምታውቁትን ተናገሩ። ልባችሁ በሐዘን ደርቆ ምንም ነገር ግድ የማይሰጣችሁ ጊዜ ቢመጣ እንኳ ተናገሩ። የእናንተ ዝምታ እናንተ ዘንድ አይቀርም፤ የማታውቁት ሰው ቤት ይገባል። አጠገባችሁ ያለ ሰው ሐዘኑን ውጦ ሲደርቅ ካያችሁም፣ እኛ እንዳደረግነው በአጠገቡ አትለፉት።

እናትዓለም ከወረደች ከሁለት ወር በኋላ ይመስለኛል፣ በምሳ ሰዓት ማሸጊያ ክፍል ገባሁ። ብቻዋን ከመዝጊያው ብረት አጠገብ ተቀምጣለች። ከኃላፊነት በመውረዷ ይቆጫት እንደሆነ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር። ሳልጀምር የግራ እጇን አመልካች ጣት አሳየችኝ። ጫፉ ቀልቶ ውኃ ቋጥሯል።

«ብረቱ ነካኝ» አለች።

«ቅባት ላምጣልሽ?»

«ቆይ» አለች። ጣቷን አዙራ አዙራ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ዐይኖቿ እርጥብ ነበሩ።

«አስማማው፣ አመመኝ» አለችኝ።

አጠገቧ ተቀመጥሁ። ሰባት ዓመት ዘግይቼ «እግዜር ያጽናሽ» አልኋት።